ከአግዳሚው ላይ ማን ይነሣ?

የሚወዱትን ምግብ ቤት ለባዕድ ሰው ማሳየት በጎ ሥራ ነው ወይስ በደል? ጥያቄው ለፍልስፍና የሚበቃ አይደለም፤ የሻይ ሰዓት ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው ከሰው ጋር በምን ተሳስሮ እንደሚኖር ማወቅ የሚሻ ሁሉ ከማዕድ የተሻለ መመርመሪያ አያገኝም። በማዕድ ዙሪያ ገንዘብ አለ፤ ፍቅር አለ፤ ሥልጣን አለ፤ ውለታና እፍረትም አሉ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለጥቂት ገጽ ይታገሡኝና ነገሩን ከሽሮው ድስት ልጀምር።

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የምላቸውን ቤቶች ያውቃቸዋል። ታፔላ የላቸውም። ስማቸው የባለቤቲቱ የበኩር ልጅ ስም ነው፤ «የእገሌ እናት ቤት» ይባላሉ። አለዚያም በአጠገባቸው ባለ ነገር ይጠራሉ፤ «ከወፍጮው ጀርባ»፣ «ከመናኸሪያው ወዲህ»። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ በጓሮ በኩል ጭስ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ጧት ጧት ቅቅል አለ። የበጉ አጥንት ሲንተከተክ አድሮ መረቁ በኩባያ ይቀርባል። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚያድር ሰው ይህ መረቅ ምግብ ብቻ አይደለም። ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት እንዲያው በከንቱ አይደለም!

ረቡዕና ዓርብ ሽሮው ከነሸክላ ድስቱ እየፈላ ይመጣል። በዐቢይ ጾም ስልጆ ይቀርባል፤ ሰናፍጩ አፍንጫ ይወጋል። በፍስክ የመንዝ በግ ይጠበሳል። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ለነገሩ የደጋ ሰው ገብስን ሲበላ ኖሯል እንጂ ዛሬ አልጀመረውም። ወደ ማታ ከእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት በር ፈልጎ ለገባ ደግሞ ጠላና አሹቅ አለ፤ ጠና ላለው ሰው ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የሚታወቀው የደብረ ብርሃን አረቄ አለ። ተመጋቢዎቹ ጫኝና አውራጆች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የፋብሪካ ወዛደሮች፣ እህል ሸጠው የሚመለሱ ገበሬዎች፣ እኛም «ነን ካፌ» የተባልን ተማሪዎች ነን። በግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር አይታይም፤ በመደርደሪያው ላይ ግን ጠርዙ በዘይት የወዛ አንድ ደብተር አለ። የዱቤ ደብተር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሽሮው ዋጋ አለው፤ እንጀራው ዋጋ አለው። ባለቤቲቱ ግን ሳህኑን አየት አድርጋ «ምነው ተውከው? በሞቴ ጨርሰው እንጂ!» ስትል፣ ይህ «በሞቴ» በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሳል የያዘው ተማሪ ሲመጣ ሳይጠይቅ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይቀመጥለታል። ኪሱ የነጠፈ እንደሆነ ይጻፍለታል። እንግዲህ ይህ ምን ይባላል? ንግድ ነው እንዳንል ከንግድ ያለፈ ነገር አለው። ምጽዋት ነው እንዳንል በወሩ መጨረሻ ይከፈላል። ዝምድና ነው እንዳንል የሥጋ ዝምድና የለም። ስም ያልወጣለት ግንኙነት ነው፤ እኔ ስለ እሱ ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ጎብኚው እንሂድ። ጎብኚው እነዚህን ቤቶች የማያውቃቸው ንቆን ነው ብሎ መነሣት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ የራቀ ነው። በ1950ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙና «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ሲያሰሙ፣ የጎብኚው ዋና ጉዞ የሆነው አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያያይዘው «ታሪካዊው መስመር» ነበር። ያ መስመር በአብዛኛው የሚኬደው በአውሮፕላን ነው። ሸዋ ከበታች ቀረች። በመኪና ወደ ደሴ የሚወጣውም ቢሆን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ገና ጉዞው መጀመሩ ነው። ሾፌሩ መኪናውን የሚያቆመው ማቆሚያው ሰፊ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ፣ የምግቡ ዝርዝር በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ በሆነበት ሆቴል ነው። ከዚያ ጣርማ በርን በጣሊያን ጊዜ በተቦረቦረው ዋሻ አልፎ ቁልቁል ደብረ ሲናን ማየት ነው። በዚህ ክፋት የለበትም። ሆዱን የሚፈራ መንገደኛ የሚያደርገው ነው።

ወደ አንኮበር የሚታጠፈውም እንዲሁ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጭላዳውን በገደሉ አፋፍ አይቶ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ገና ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀችውን የአንኮበርን ትንሽ ወፍ ፈልጎ፣ በጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ በተሠራው ሎጅ አርፎ መመለስ የተለመደው መንገድ ሆኖ ቆይቷል። የጎረቤላን መንደር በመስኮት ያያል። በዚያ መንደር ገብስ የሚቆላበት፣ ቅቤ የሚነጠርበት፣ ለገበያተኛ ቂጣና ጠላ የሚቀርብበት ቤት መኖሩን የሚነግረው የለም።

እንግዲህ «የሚነግረው የለም» የሚለው ነው ክርክር ያስነሣው። በመኝታ ክፍላችን አንዱ ጓደኛችን ጎብኚ የማያውቃቸውን፣ የአገሬው ሰው የሚወዳቸውን ምግብ ቤቶች ዘርዝሮ ሊጽፍ፣ አባዝቶም በየሆቴሉ ሊያስቀምጥ አሰበ። ሐሳቡ ቀና ነበር። «እነዚህ እናቶች በጭስ ዓይናቸው እየጠፋ የሚያገኙት ምንድን ነው? አንድ እንግዳ በአንድ ምሳ የሚከፍለው እኛ በሳምንት ከምንከፍለው ይበልጣል። ማወቅ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። ሌላው ጓደኛችን ግን ከአልጋው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ኧረ እንዳትነካብን! ዛሬ አንድ ፈረንጅ ይመጣል፤ ነገ ካሜራ ይዘው ዐሥር ይመጣሉ፤ ከነገ ወዲያ አግዳሚው ተነሥቶ የፕላስቲክ ወንበር ይገባል፤ ሽሮው ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ እኛ በር ላይ እንቀራለን። መልካም ነገር መልካም ሆኖ የሚቆየው ሳይታወቅ ሲቀር ነው» አለ።

ሁለቱም የሚያሳምን ነገር ተናገሩ። የመጀመሪያው በፍትሕ ስም ነው የተናገረው፤ ሁለተኛው በፍቅር ስም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ቤቱን የራሳቸው ንብረት አድርገውት ነበር። አንዱ ሊሰጠው፣ ሌላው ሊደብቀው ይከራከራሉ፤ ባለቤቲቱን ግን የጠየቀ አልነበረም።

በማግሥቱ ሄደን ጠየቅናት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ሳትል ሰማችን። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ እንግዳ አልጠላም። ቤት ለእንግዳ ነው። ግን ያለኝ ሦስት አግዳሚ ነው። እነሱ ሲመጡ እናንተ ትነሡላቸዋላችሁ? ደግሞስ እነሱ ሲቀሩ እናንተ ትመጣላችሁ?»

ይህች ሴት ፍልስፍና አልተማረችም፤ ነገር ግን እኛ በአንድ ሌሊት ጭቅጭቅ ያላገኘነውን ነገር በሁለት ጥያቄ አስቀመጠችው። መስተንግዶ ሁልጊዜ ከፋይ አለው። እንግዳ ሲቀመጥ አንድ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። የግብረ ገቡ ጥያቄ «እንግዳ ይምጣ ወይስ አይምጣ?» ሳይሆን «የሚነሣው ማን ነው? ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የውጭ ሰው ምግብ ቤት ፈልጎ አይንከራተትም ነበር፤ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ብሎ ነገር በወጉ አልነበረምና። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የባሕር ማዶ እንግዶችን ይቀበሉ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ሚስዮናዊው ክራፍ መጣ፤ በ1841 ደግሞ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ቡድን መጣ። ለንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ቅቤው ከደጁ ይደርሳል። ይህን ያነበበ ሰው «እንዴት ያለ ቸርነት ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ድርጎው በንጉሡ ስም ይመጣ እንጂ ከንጉሡ እርሻ ብቻ የሚወጣ አልነበረም፤ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ጎተራ ላይ ነበር የሚያርፈው። ገበሬው «እንግዳ ይምጣ ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ሃሪስ አገሩ ተመልሶ በ1844 ባለ ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ ሲያሳትም የንጉሡ ስም በየገጹ ተጻፈ፤ በጉን ያሳደገው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። ከአግዳሚው የተነሣው እሱ ነበር፤ ምስጋናው የሄደው ግን ለሌላ ነው።

ወደ ኋላ ቢሄዱም ነገሩ ያው ነው። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ባለባት ከተማ የምንኖር ሰዎች የአብርሃምን ታሪክ ለመስማት ሩቅ አንሄድም። በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶችን ተቀበለ፤ እግራቸውን አስታጠበ፤ እስከ ዛሬ የእንግዳ ተቀባይነት አባት እየተባለ ይመሰገናል። መጽሐፉን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት እንድታቦካ የታዘዘችው ሣራ መሆኗን፣ ጥጃውን ፈጥኖ ያዘጋጀውም ብላቴናው መሆኑን ያያል። አብርሃም ቸር አይደለም ማለቴ አይደለም፤ እሱም በቀትር ፀሐይ ሮጧል፤ ቆሞም አስተናግዷል። ማለት የፈለግሁት የቸርነት ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ ከጓዳ ያለውን ሰው መፈለግ አለብን ነው።

ታዲያ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ሲጀመር ጓዳ ያለው ሰው ነጻ ወጣ ልንል እንችላለን? በከፊል፣ አዎን። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፈቱ። እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ ትልቅ ነውር ስለነበር መጀመሪያ ላይ ዝር የሚል ሰው ጠፋ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ እየተባለ ይነገራል። ይህን ታሪክ ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን በውስጡ ቁም ነገር አለ። የከፈለ ሰው ጓዳውን ዐወቀ። ሒሳብ መክፈል ማለት «ይህ ምግብ ከሰማይ አልወረደም፤ የደከመበት ሰው አለ» ብሎ መመስከር ነው። በድርጎው ዘመን ገበሬው ያላገኘው ይህንን ነው።

በከፊል ያልሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። በልቶ የከፈለው መኰንን ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ሸጣ ያበላችው ሴት ግን ነቀፋው በእሷ ላይ ቀረ። «ኮማሪ» የሚለው ቃል በአያቶቻችን አፍ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ጠላ የጠመቀች፣ ጠጅ የጣለች፣ ወጥ የሸጠች ሴት ቤቷ በሰው ተሞልቶ ስሟ ግን ሳይከበር ኖረ። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እንግዲህ ይህ አይደለም ወይ? ስለዚህ ገንዘብ የጓዳውን ሰው ከግዴታ አወጣው እንጂ ከንቀት አላወጣውም። ለዚያ ገንዘብ ያልሆነ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ምን ዓይነት ነገር? በክፍል ውስጥ የምንማረው የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰቱ፣ ባዕድ ሰው በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው ይላል። ይህ የመጎብኘት መብት ነው። በእንግድነት ተቀበሉኝ፣ አስተናግዱኝ ማለት ግን መብቱ አይደለም፤ ለዚያ የተለየ የቸርነት ውል ያስፈልጋል። ልዩነቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል። ጎብኚው ደብረ ብርሃን መምጣት፣ በየበሩ ማለፍ፣ ገንዘቡን አውጥቶ መብላት መብቱ ነው። «በሞቴ»ን ግን ሊገዛው አይችልም፤ ሊቀበለው ብቻ ነው የሚችለው፤ ከሰጠችው። ሰጪዋም እሷ እንጂ እኛ አይደለንም።

ካንት ያልነገረንን ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ይነግረናል። በአማርኛ «እንግዳ» ማለት የማይታወቅ ማለት ነው፤ «እንግዳ ነገር» እንላለን። ለሱ የሚሰጠው ክብር ባለማወቃችን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ እናስቀምጠዋለን። «ደንበኛ» የሚለውስ? ገዢ ማለት ብቻ ነው? አይደለም። ሥሩ ደንብ ነው። «ደንበኛ ሰው»፣ «ደንበኛ ሥራ» ስንል እውነተኛ፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ማለታችን ነው። ስለዚህ ደንበኛ ማለት ደንብ ያለበት ሰው ነው። እንግዳ መብት አለው፤ ደንበኛ ግዴታ አለበት። አርስቶትል ወዳጅነትን በጥቅም፣ በደስታና በበጎነት ላይ የቆመ ብሎ በሦስት ሲከፍለው የገዢንና የሻጭን ነገር ከጥቅሙ ወገን ያስቀምጠዋል፤ ጥቅሙ ሲያልቅ ወዳጅነቱ ያልቃል። ለአብዛኛው ገበያ ትክክል ነው። ነገር ግን «ደንበኛ» የሚለው ቃላችን በጥቅም የተጀመረ ነገር በደንብ ሊጸና እንደሚችል ይመሰክራል።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እነዚህን ቤቶች የምናወድስበት ዋና ቃል ምንድን ነው? «ርካሽ» ነው። «እዚያ ቤት ሂድ፤ ይጣፍጣል፤ ርካሽ ነው» እንባባላለን። ለእኛ ርካሽ የሆነው ለማን ውድ ሆኖ ነው? ዘይት ሲወደድ፣ በርበሬ ሲወደድ፣ ማገዶ ሲወደድ፣ የሽሮው ዋጋ ካልጨመረ ልዩነቱን የሚሸፍን አንድ ሰው አለ። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እሳት የምታነድ ሴት በእንቅልፏና በጉልበቷ ትሸፍነዋለች። እንግዲህ «እንዳይታወቅብን» የሚለው ክርክር እርቃኑን ሲቀር ምን ይመስላል? «እሷ ድሃ ሆና ትቆይልን» የሚል ይመስላል። ጓደኛችን እንደዚህ ማለቱ አይደለም፤ ነገሩ ግን ወደዚያው ያደርሳል። ፍቅር የሚወደውን ሰው ኑሮ ባለበት እንዲቀር ከፈለገ ስሙን መለወጥ አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ «ይታወቅ፤ ገንዘብ ይግባ» የሚለውም የራሱ ወጥመድ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ገንዘብ የያዘ ሰው በእኛ ከተማ ሲበላ ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆንበት እንኳ ላይሰማው ይችላል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ለፈረንጅ አንድ ዋጋ፣ ለአበሻ ሌላ ዋጋ ይሁን? ሰውን በመልኩ አይቶ ሒሳብ መቁረጥ እንግዳውን የምትታለብ ላም ማድረግ ነው፤ ላም ደግሞ እንግዳ አይደለችም። ይህ ግን የሚሠራው እኛ የምንከፍለው ዋጋ ትክክለኛው ዋጋ ሲሆን ብቻ ነው። ደንበኛ የሚቀነስለት በምክንያት ነው፤ ጎደሎውን በሌላ መንገድ ይሞላዋልና። የጤፉን ጆንያ ከጋሪ ያወርዳል። ልጇን ለፈተና ያስጠናል። ለቀበሌ የምታስገባውን ማመልከቻ ይጽፍላታል። ታማ በሯ ሲዘጋ ሄዶ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ርካሽ አልበላም፤ በሌላ ገንዘብ ነው የከፈለው። ይህን የማያደርግ ከሆነ ግን ዝቅተኛውን ዋጋ በየትኛው መብቱ ይጠይቃል? የዱቤ ደብተሩን ሳይዘጋ ተመርቆ የሚሄደው ደግሞ ምን እንደሚባል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ይቀራል፤ «እነሱ ሲቀሩ እናንተ ትመጣላችሁ?» ያለችው። በቱሪስት ላይ የቆመ ቤት ሰላም በደፈረሰ ቁጥር ይወድቃል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው በተፈናቀለ ወገን ተሞላች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ወቅት ደግሞ በውጊያው ምክንያት መንገዱ ለጎብኚ የሚያስፈራ ሆነ። እንደዚያ ባለ ጊዜ የእንግዳ መዝገብ ባዶ ይሆናል፤ የጭሱ ቤት በር ግን ይከፈታል፤ የሚርበው ጎረቤት አለና። ይህን አይተን «ያየህ! እኛ ነን እውነተኞቹ ደንበኞች» ልንል ይቃጣን ይሆናል።

ቀስ እንበል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ሁሉ ወደየቤተሰቡ ተሸኘ። በየዩኒቨርሲቲው ከተማ በተማሪ ላይ የቆሙ ምግብ ቤቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ሆኑ። ያ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ግን አንድ እውነት ይገልጣል። እኛም የምንሄድ ነን። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ዙር ተማሪ «ይህች ቤት የኛ ናት» እያለ መጥቶ ሄዷል! ጎብኚው ለሁለት ሰዓት ይመጣል፤ እኛ ለአራትና ለአምስት ዓመት እንመጣለን። ልዩነቱ የጊዜ ርዝመት ነው። ቤቱን የሚያቆሙት በሩን ተሻግረው የሚኖሩት ናቸው፤ ጫኝና አውራጁ፣ ባለ ባጃጁ፣ ቡና ሲፈላ የምትጠራው ጎረቤት። እኛም አንድ ቀን በዚያች ቤት እንግዳ ነበርን፤ ስንገባም ለእኛ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ነበር። ማን እንደነበረ እንኳ አናስታውስም። እንግዲህ ለእኛ የተጠጋውን ቦታ ለሌላ እንዳይጠጋ በር ላይ የምንቆመው በየትኛው ሹመታችን ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥያቄው መልስ ልስጥ። ማሳየት ይገባል ወይ? ይገባል፤ ነገር ግን በሦስት ደንብ። አንደኛ፣ ባለቤቲቱ ትጠየቅ። ስሟንና ቤቷን በወረቀት ከመበተን በፊት ፈቃዷ ይታወቅ፤ አልፈልግም ካለች ነገሩ እዚያው ያብቃ። ሁለተኛ፣ እንግዳ በወረቀት አይላክ፤ በሰው ይምጣ። አብሮት የሚገባ፣ ረቡዕ ሥጋ እንደማይጠየቅ የሚነግረው፣ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት የሚያስፈቅድለት፣ «በሞቴ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ይኑር። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ቤቱን እንደ ጭላዳ አያየውም፤ እንደ ቤት ይገባበታል። ሦስተኛ፣ የሚነሣው ወድዶ የሚነሣ ይሁን፤ እሱም የሸክም ሥራ ውሎ ምሳውን የሚበላው ሰው ሳይሆን ከሁሉ በፊት እኛ እንሁን። ከትምህርት ክፍል ተቀምጦ የዋለ ሰው ቆሞ ቢበላ አይሞትም!

ይህ ዓለምን አይለውጥም የሚል ይኖራል። አዎን፣ የዘይትን ዋጋ አያወርድም፤ መንገዱንም ሰላም አያደርግም። ግን ስለ ፍትሕ በየአዳራሹ የምንናገር ሰዎች ፍትሕን በቅርባችን የምናገኘው በቀን ሁለት ጊዜ በምንበላበት ቦታ ነው። እዚያ ያልተለማመድነውን ነገር ነገ በቢሮ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ከየት እናመጣዋለን? ጓደኛችን ጽሑፉን አልቀደደውም፤ አሁንም በእጁ አለ። በየሆቴሉ ሳይሆን በየቤቱ እየዞረ ለባለቤቶቹ እያነበበላቸው ነው። አንዷ ስሟ እንዲወጣ ፈቀደች። አንዷ እንዲሠረዝ ጠየቀችው፤ ሠረዘው። አንዷ ደግሞ ካዳመጠችው በኋላ «ልጄ፣ ቅቅል የምትለው ነገር ትክክል ነው፤ ግን ዱቤ እንደምሰጥ አትጻፍባቸው፤ እሱ ለናንተ ነው» አለችው።